የአጥንት ወስፌ ስለ ጥንት ስፌት ምን ይመሰክራል?

ከጥንት ሰዎች መኖሪያ ተቆፍረው ከሚወጡት ዕቃዎች አንዱ ጫፉ የሾለ አጥንት ነው። ስፌቱ በስብሶ ሲጠፋ አጥንቱ ግን ብዙ ሺህ ዓመት ይቆያል። ስለዚህ የታሪክ ተመራማሪ ስለ ጠፋው ስፌት የተረፈውን ወስፌ ለመጠየቅ ይገደዳል። በዚህች አጭር ጽሑፍ የምንመረምረው፣ የሾለ አጥንት ሁሉ የስፌት ወስፌ ነው ለማለት ይቻል እንደ ሆነ ነው።

አስቀድሞ የሥራውን ዓይነት መለየት ይገባል። የቀርከሃ ቅርጫት የሚሠራው ስንጥሩን በማጠላለፍ ስለ ሆነ ያለ ወስፌ ይሆናል። በመሶብ ግን የሣሩ ዘለላ እየዞረ ይሄዳል፤ የሚጠመጠመውም ሣር አዲሱን ዙር ከቀድሞው ጋር የሚያያይዘው ወስፌ ቀዳዳ ሲከፍትለት ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ በቱርክ አገር በኮንያ አጠገብ ያለው ቻታልሁዩክ ነው። በዚህ ስፍራ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ7100 ዓመት ገደማ ጀምሮ ሰው ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ኖሮበታል። ጀምስ ሜላርት ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ኋላም ኢያን ሆደር ከ1993 እስከ 2018 እ.ኤ.አ. አስቆፍረውታል። ከአጥንት መሣሪያዎቹ የሚበዙት ሹሎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከበግና ከፍየል የእግር አጥንት የተሠሩ ናቸው። የአጋዘን ቀንድም ለመሣሪያ ውሏል፤ ይኸውም እንደ በሬ ቀንድ ውስጡ ክፍት ሳይሆን በየዓመቱ እየወደቀ የሚተካ ድፍን አጥንት ነው። ስፌቱ ቢበሰብስም በሣሩ ውስጥ የነበረው ሲሊካ የተባለው ማዕድን በወለልና በመቃብር ላይ ፈለጉን ትቷል። ፈለጉም ሥራው እንደ መሶባችን እየዞረ የተሰፋ መሆኑን ያሳያል፤ በስፌት ውስጥ ሆነው የተቀበሩ ሕፃናትም ተገኝተዋል።

ሆኖም ሁለቱ በአንድ ስፍራ መገኘታቸው ብቻ አያስፈርድም፤ ቆዳም በአጥንት ይበሳልና። ሊለያቸው የሚችለው በማይክሮስኮፕ የሚታየው የጫፉ መበላትና መወልወል ነው። ሹሉን ሁሉ ለቆዳ ሠራተኛ ብንሰጥ ስፌት የሰፉትን ከታሪክ እንፍቃለን፤ ሁሉን ለስፌት ብንሰጥ ደግሞ ያልነበረ ታሪክ እንጽፋለን።

ለፍርዱ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። እናቶቻችን የሚሰፉት በብረት ወስፌ ቢሆንም የእጁ አሠራር ያው ነው። ስፌት የምታውቅ ሴት በአጥንት ወስፌ ስንደዶና አክርማ ብትሰፋ፣ በሌላው አጥንት ደግሞ ቆዳ ቢበሳ፣ የሁለቱ ጫፍ ሊመረመር ይችላል። ሙከራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ባልደረቦቻችን ቢያስቡበት መልካም ነው። በዚህ ጥናት መምህራችን ሰፊዋ ራሷ ትሆናለች።