ከላምባ ኩራዝ እስከ ቤተ ሙከራ፦ የተቀጣጣይ ፈሳሾች ታሪክና የመምህሩ ጥንቃቄ

ድሬዳዋ የተቆረቆረችው ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከሥፍራው በደረሰ ጊዜ መሆኑ የታወቀ ነው። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ ከዚራና መጋላ ተመሠረቱ። ከዚራ በቀያሾች ዕቅድ ሲሠራ፣ መጋላ የነጋዴውና የገበያው ሰፈር ሆነ። በባቡር ይገቡ ከነበሩት ሸቀጦች አንዱ ላምባ ነበር። ኤሌክትሪክ በየቤቱ ከመዳረሱ በፊት ሱቁም መኖሪያውም የሚያመሸው በኩራዝ ብርሃን ነበርና፣ «እየነደደ ባለ ኩራዝ ላይ ላምባ አይጨመርም» የሚለው ማስጠንቀቂያ ከማናቸውም የሳይንስ መጽሐፍ አስቀድሞ ለልጆች ይሰጥ የነበረ ትምህርት ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን የቤት ዕውቀት ከትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ጋር ማገናኘት ነው።

የሚነደው ፈሳሹ ራሱ ሳይሆን ከፈሳሹ ተነሥቶ ከአየር ጋር የሚቀላቀለው ተን ነው። እያንዳንዱ ተቀጣጣይ ፈሳሽ፣ እሳት ቢቀርበው ሊያያዝ የሚችል ተን መስጠት የሚጀምርበት ዝቅተኛ የሙቀት መጠን አለው፤ ይህም የብልጭታ ነጥብ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1859 በፔንሲልቫኒያ የነዳጅ ጕድጓድ ከተቆፈረ በኋላ የመብራት ዘይት በዓለም ሲሠራጭ፣ በሚገባ ያልተጣራ ዘይት በብዙ አገር ቃጠሎ አስከተለ። የእንግሊዝ መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ1879 ባወጣው ሕግ፣ ኬሚስቱ ፍሬደሪክ አቤል የሠራውን ክዳን ያለው መለኪያ ተቀብሎ የአደጋውን ወሰን 73 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም 23 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አደረገው።

ይህ ቁጥር የወጣው በቀዝቃዛ አገር መሆኑን ልብ ይሏል። የድሬዳዋ የዓመቱ አማካይ ሙቀት 25 ዲግሪ ያህል ሲሆን፣ በግንቦትና በሰኔ ቀትር ላይ 35 ገደማ ይደርሳል። በለንደን የአደጋ ወሰን የሆነው ሙቀት በመጋላ የማናቸውም ቀን ሙቀት ነው ማለት ነው። የኤታኖል የብልጭታ ነጥብ 13፣ የአሴቶን ከዜሮ በታች 20፣ የኢተር ከዜሮ በታች 45 ዲግሪ ገደማ ነው። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነው ላምባ እንኳ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከወሰኑ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ «በቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ» የሚለው የጠርሙስ ጽሑፍ፣ ቦታው ካልተዘጋጀ በቀር ትርጉም የለውም።

አደጋው ይበልጥ የሚያሠጋው በተለመደ ሙከራ ነው። ቅጠል ስታርች እንዳለው በአዮዲን ከመመርመሩ በፊት አረንጓዴ ቀለሙ በሙቅ አልኮል ይለቀቃል። ይህ ጸሐፊ በጐበኘው አንድ ትምህርት ቤት አልኮሉ በቀጥታ በነበልባል ላይ ሲሞቅ ተመልክቷል። ትክክለኛው መንገድ ግን ቀላል ነው፦ አስቀድሞ ውሃው ይፈላል፤ እሳቱ ይጠፋል፤ ከዚያም አልኮሉን የያዘው የሙከራ ቱቦ በሙቁ ውሃ ውስጥ ይቆማል። አልኮል የሚፈላው ከ80 ዲግሪ በታች ስለሆነ የውሃው ሙቀት ይበቃል። የአልኮል ኩራዝም የሚሞላው ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ ክብሪት የሚጫረውም ጠርሙሱ ተከድኖ ከራቀ በኋላ ነው። የኢተር ተን ከአየር ስለሚከብድ በወለል ላይ ተስቦ ከሩቅ እሳት ሊደርስ ይችላል። በላምባና በቤንዚን እሳት ላይ ውሃ ማፍሰስ ነዳጁን ያንሳፍፋል፤ የሚያስፈልገው ደረቅ አሸዋና ወፍራም ብርድ ልብስ ነው።

ይህ የድኾች ትምህርት ቤቶች ችግር ብቻ እንዳይመስለን፣ እ.ኤ.አ. በጥር 2014 በኒውዮርክ ከተማ በአንድ ትምህርት ቤት በሜታኖል የነበልባል ቀለም ሲታይ ሁለት ተማሪዎች ተቃጥለዋል። የመሣሪያ ብዛት ጥንቃቄን አይተካም።

ስለዚህ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች በቆላ ከተሞች ቤተ ሙከራ ሲያሠሩ ለተቀጣጣይ ፈሳሾች ጥላ ያለውና አየር የሚዘዋወርበት የተለየ ማከማቻ፣ ለክፍሉም ወደ ውጭ የሚከፈቱ ሁለት በሮች ቢያስቡ፤ መምህራንም ለዕለቱ ከሚበቃው በላይ ወደ ክፍል ባያስገቡ መልካም ነው። የመጋላ እናቶች በኩራዝ ያስተማሩትን ሥርዐት ትምህርት ቤት ሊያንሰው አይገባም።