በተልዕኮ ያልተላከው ትምህርት

ጄምስ ጆይስ በሚያዝያ 1912 ወደ ጣሊያኗ ፓዱዋ ሄዶ ለመምህርነት ፈተና ተቀመጠ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። አየርላንድን ለቆ ከወጣ ሰባት ዓመት አልፎታል፤ ሁለት ልጆች አሉት፤ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው ትሪየስቴ ውስጥ እንግሊዝኛ እያስተማረ፣ ሲጎድልበትም እየተበደረ ነው። ፈተናው በጣሊያን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች እንግሊዝኛ ለማስተማር የሚያበቃ ሲሆን፣ ጆይስ በጥሩ ውጤት አለፈ። ከዚያ በኋላ የቢሮው ጣጣ መጣ፤ ከደብሊን ይዞት የመጣው ዲግሪ በጣሊያን ሕግ ዕውቅና የለውም ተባለ። አሥር ዓመት ሳይሞላ «ዩሊሲስ»ን የሚያሳትመው ሰው እንግሊዝኛ ለማስተማር ወረቀት አጠረው።

ይህን ለማመን ሐበሻ ምስክር አያሻውም። ዲግሪውን በፌስታል ጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ አስቀምጦ ሌላ ሥራ የሚሠራ ዘመድ ውጭ አገር የሌለው ማን አለ? እኔን የሚስበኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ምዕራፍ ነው። ያ ዘመድ ከጥቂት ዓመታት በኋላ «እስቲ ወደ ማስተማሩ ልግባ፣ እንግሊዝኛ አስተማሪ ልሁን፣ ማታ ማታ እቤቴ ሆኜ በርቀት ልማር» ይላል። ይህ መንገድ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ታሪክ አለው። በዚያ ሁሉ ዘመን መጽሐፉም፣ ማስታወሻውም፣ ፈተናው ሳይቀር በፖስታ ተጉዟል። አልጓዝም ብለው ያስቸገሩት ሁለት ናቸው፤ አንዱ ስታስተምር ከክፍሉ ጀርባ ቁጭ ብሎ የሚያይህ ሰው፣ ሌላው ማኅተሙ።

በ1840 እንግሊዝ ውስጥ ደብዳቤ በአንድ ፔኒ የአገሪቱ ዳርቻ ሁሉ እንዲደርስ ሲወሰን፣ አይዛክ ፒትማን የተባለ መምህር ዕድሉን ወዲያው ተጠቀመበት። ራሱ የፈጠረውን ፈጣን የአጻጻፍ ዘዴ በፖስታ ማስተማር ጀመረ። ተማሪው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ በአዲሱ ምልክት ገልብጦ ይልካል፤ ፒትማን አርሞ ይመልሳል። ዘዴው የሠራው ትምህርቱ ሙሉ በሙሉ ወረቀት ላይ የሚያርፍ ስለሆነ ነው፤ የተማሪው ስሕተት ከፖስታው ጋር አብሮ ይመጣል። በ1858 ደግሞ የለንደን ዩኒቨርሲቲ የትም ቦታ የተማረ ሰው ተፈትኖ ዲግሪ እንዲያገኝ በሩን ከፈተ፤ በ1865 ፈተናው ሞሪሸስ ደርሶ ነበር። ዩኒቨርሲቲው እነዚህን ተማሪዎች አያስተምርም፤ ይፈትናል እንጂ። ኔልሰን ማንዴላ ሮበን ደሴት ታስሮ ሳለ የለንደኑን የሕግ ትምህርት ተከታትሏል፤ የሕግ ዲግሪውን በመጨረሻ ያገኘው ግን በ1989 ከደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ሲሆን፣ ዩኒሳ ከ1946 ጀምሮ በተልዕኮ ሲያስተምር የኖረ ተቋም ነው። ሕግ ከእስር ቤትም ሆኖ ይጠናል፣ ይፈተናልም። መምህር ለመሆን ግን ተማሪዎች ያሉበት ክፍል ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የአልበርት ሆርንቢን ታሪክ ሳላነሣ አላልፍም። ስሙን ብዙዎቻችን ሳናውቀው እናውቀዋለን፤ የኦክስፎርዱ የተማሪዎች መዝገበ ቃላት የእርሱ ሥራ ነው። ሆርንቢ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተምሮ በ1924 ጃፓን ሄደ፤ ኪዩሹ ደሴት ላይ ባለችው ኦይታ፣ በንግድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሥነ ጽሑፍ እንዲያስተምር ተቀጥሮ ነበር። ሲደርስ ግን ተማሪዎቹ የሚቸግራቸው ሼክስፒር ሳይሆን ቋንቋው ራሱ ሆኖ አገኘው። ለዚህ ማንም አላሠለጠነውም። የሙያ ጓደኛ የሚባል በአጠገቡ የለም፤ ቶኪዮ ሩቅ ነው።

ቶኪዮ ውስጥ ግን ሃሮልድ ፓልመር ነበር። እርሱም በወጣትነቱ ቤልጅየም፣ ቬርቪዬ ከተማ እንግሊዝኛ እያስተማረ ሙያውን በሥራ ላይ የተማረ ሰው ነው፤ በ1922 የጃፓን ትምህርት ሚኒስቴር አማካሪ ሆኖ መጣ፣ በማግሥቱም ዓመት የእንግሊዝኛ አስተማሪነት የምርምር ተቋም አቋቋመ። ተቋሙ መጽሔት ያሳትም ነበር። ሆርንቢ ኦይታ ተቀምጦ መጽሔቱን ያነባል፣ ያነበበውን ክፍል ገብቶ ይሞክራል፣ የገጠመውን ጽፎ ይልካል። ዛሬ «የርቀት ሥልጠና» ብለን በገንዘብ የምንገዛው ነገር ያኔ የተሠራው ያለ ሞጁልና ያለ ሰርተፊኬት ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ፓልመር ወደ ቶኪዮ ጠራው፤ በ1936 ፓልመር አገሩ ሲመለስ ሥራውን የተረከበው ሆርንቢ ነው። ጃፓን ጦርነት ውስጥ ስትገባ ታሰረ፤ በ1942 ከአገር ሲወጣ ከጓደኞቹ ከጌትንቢና ከዌክፊልድ ጋር ያዘጋጀው መዝገበ ቃላት ቶኪዮ ውስጥ ታተመ፤ ኦክስፎርድ በ1948 አሳተመው። በ1946 ደግሞ በብሪቲሽ ካውንስል ሥር በየአገሩ ለተበተኑ የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች የሚላክ መጽሔት ጀምሮ የመጀመሪያው አዘጋጅ ሆነ። ኦይታ ላይ ብቻውን የነበረ ሰው መጽሔት ቢያቋቁም አይገርምም።

የሆርንቢ መንገድ የሠራው ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ስለተሟላለት ነው፤ በየማለዳው የሚገባበት ክፍል ነበረው። ክፍል የሌለውስ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጡት ጆንና ብሪታ ሄይክራፍት ናቸው። ባልና ሚስቱ በ1953 ስፔን፣ ኮርዶባ ውስጥ የቋንቋ ትምህርት ቤት ከፍተው፣ በ1959 ወደ ለንደን አሰፉት፤ በ1962 የመጀመሪያውን አጭር የአስተማሪዎች ኮርስ ሰጡ። አዲሱ ነገር ሠልጣኙ ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ እውነተኛ ተማሪዎች ፊት መቆሙ፣ አሠልጣኙና ባልደረቦቹም ከኋላ ተቀምጠው እያዩ ማስታወሻ መያዛቸው ነበር። የዛሬው የካምብሪጁ ሴልታ ሰርተፊኬት የዚያ ኮርስ ልጅ ነው። ቢያንስ 120 ሰዓት ሆኖ፣ ከዚያ ውስጥ 6ቱ ሰዓት በአሠልጣኝ ዓይን ሥር ማስተማር ነው። ስድስት ሰዓት ጥቂት ይመስላል፤ ያለፈበት ሰው ግን ሌላው ሁሉ ለእርሷ መዘጋጃ እንደነበር ይነግራችኋል።

በዚያው በ1962፣ በመስከረም፣ ወደ 300 የሚጠጉ የአሜሪካ የሰላም ጓድ ፈቃደኞች በሃሪስ ዎፎርድ መሪነት አዲስ አበባ ገቡ። በጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የጥቂት ሳምንታት ሥልጠና ወስደው ነበር፤ አብዛኞቹ ከዚያ በፊት አስተምረው አያውቁም። በየጠቅላይ ግዛቱ ተበትነው ማስተማርን የተማሩት የእኛን ወላጆች እያስተማሩ ነው። ማንም ከኋላ ተቀምጦ አላያቸውም ማለት ይቻላል፤ ከፊት ያሉት ተማሪዎች ግን ያያሉ፣ ቅጽል ስምም ያወጣሉ።

በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው ከሆነ ሥልጠናው ቢቀርም ግድ የለም የሚለው እምነት የቆየ ነው። ጆይስን መጀመሪያ የቀጠረው የበርሊትዝ ትምህርት ቤት በዚህ ላይ የቆመ ነበር። በ1961 ኡጋንዳ፣ ማኬሬሬ ላይ የተደረገው የኮመንዌልዝ ጉባኤም ወደዚሁ ያደላ ነበር፤ ሮበርት ፊሊፕሰን በ1992 በጻፈው መጽሐፍ ይህን እምነት ተረት ብሎ ሞግቶታል። ሙግቱ ትክክል ይመስለኛል፤ ኤምባሲዎች ግን አልሰሙትም። ደቡብ ኮሪያ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ቪዛዋን በዋናነት የምትሰጠው ለሰባት አገሮች ዜጎች ነው፤ ለአሜሪካ፣ ለብሪታንያ፣ ለካናዳ፣ ለአየርላንድ፣ ለአውስትራሊያ፣ ለኒውዚላንድና ለደቡብ አፍሪካ። አዲስ አበባ ላይ ዕድሜ ልኳን እንግሊዝኛ ያስተማረች መምህርት በዚህ በር አትገባም። ገና ትናንት የተመረቀ፣ ክፍል ውስጥ ቆሞ የማያውቅ የቴክሳስ ልጅ ግን ይገባል።

የእኛ አገር የተልዕኮ ትምህርት ታሪክም ክፍሉን የሚያይ ሰው ከማጣት ችግር ጋር ሁለት ጊዜ ተላትሟል። በ2004 የሁለተኛ ደረጃ ክፍሎች ግድግዳ ላይ ፕላዝማ ተሰቀለ፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት እየመጣ በእንግሊዝኛ ይሰጥ ጀመር። ፕላዝማው ክፍሉን አያይም። ተማሪው ቢገባውም ባይገባውም ይቀጥላል፤ በአካል ያለው መምህር ደግሞ በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆኖ ቀረ። በ2010 መንግሥት የርቀት ትምህርትን ባንድ ጊዜ አገደ፤ መምህርነትና ሕግ በግል ተቋማት እንዳይሰጡም ከለከለ። የርቀቱ እገዳ ውሎ አድሮ በቅድመ ሁኔታ ላላ። ከሙያዎች ሁሉ መምህርነት ተለይቶ መነሣቱ ግን ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሞጁል አንብቦና አሳይንመንት ልኮ የተመረቀ ሰው ክፍል ሲገባ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ርእሰ መምህር በየወረዳው አለ። ጅምላ እገዳው መፍትሔ ነበር ብዬ አላምንም። በሽታውን ግን በትክክል ጠቁሟል።

መፍትሔው ምን እንደሆነ ሌሎች ቀድመው አግኝተውታል፤ ተመልካቹን በተማሪው ሰፈር መፈለግ። የብሪታንያው ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በ1994 የመምህርነት ሥልጠናን በርቀት ሲጀምር ልምምዱን በየአካባቢው ትምህርት ቤት ላሉ ነባር መምህራን አደራ ሰጠ። በ2000 ገደማ ደግሞ ልምድ ላላቸው አስተማሪዎች የሚሰጠው የዴልታ ዲፕሎማ በርቀት ሲጀመር፣ ሠልጣኙ ባለበት አገር ብቁ የሆነ ሰው ፈልጎ ክፍሉ እንዲታይለት ይገደድ ነበር። አሜሪካ ውስጥ በ1997 የተመሠረተው ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በኮምፒውተር ይሰጣል፤ ለመምህርነት ፈቃድ የሚያበቃው ፕሮግራም ግን ትምህርት ቤት በአካል ሳይገቡ አያልቅም። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያለ ወገናችን የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ንባቡን ከማታ ሥራ በኋላ ይወጣዋል። ለሳምንታት ቀኑን ሙሉ ያለ ደመወዝ ክፍል መዋል ሲመጣ ግን የቤት ኪራዩ አይጠብቅም። አረብ አገር ላለችው ደግሞ ማኅተሙ ይብሳል፤ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ዲግሪ በውጭ ጉዳይና በኤምባሲ ተረጋግጦ እንዲመጣ ይጠይቃሉ፣ ብዙዎቹም በርቀት የተገኘን ዲግሪ ለመቀበል ለረጅም ጊዜ ሲያመነቱ ኖረዋል።

ከዚያ 2020 መጣ። ሴልታ እስከዚያ ድረስ ንባቡን በኢንተርኔት ቢፈቅድም፣ ማስተማሩ ፊት ለፊት ይሁን ብሎ ነበር፤ ወረርሽኙ ሲያስገድድ ስድስቱ ሰዓትም በዙም እንዲሆን ተፈቀደ፣ ፈቃዱም ጸንቶ ቀረ። አሁን ዱባይ የተቀመጠች ሠልጣኝ ሌላ አገር ያሉ አዋቂ ተማሪዎችን ስታስተምር፣ አሠልጣኟ ካሜራውን ዘግቶ ሊመለከታት ይችላል። በማያ ገጽ ማስተማር ለምትፈልግ ይህ በቂ ነው። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍል፣ ጠመኔ ይዞ፣ ጀርባን ሰጥቶ መጻፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እርሱን ማንም አላየላትም።

ይህን ያህል እንኳ የማይሄዱት ደግሞ ብዙ ናቸው። ዛሬ በስልካችን የሚመጣው ማስታወቂያ ሁሉ «የ120 ሰዓት ሰርተፊኬት» ይላል። ቁጥሩን ከሴልታ ወስደውታል፤ ስድስቱን ሰዓት ትተውታል። ርካሽ የሆኑትም ለዚህ ነው፤ ከክፍሉ ጀርባ ለሚቀመጠው ሰው የሚከፈል ነገር የለም።