ከፊዶ እስከ ሀና ማርያም፦ ኢሜይል የሚይዝ ኮምፒውተር ምን ያህል ጉልበት ይፈልጋል?

ሀና ማርያም አካባቢ የአልሙኒየም በርና መስኮት የሚሠራ አነስተኛ ድርጅት አለ። የታላቅ እህቴ ልጅ እዚያ ሒሳብ ክፍል ነው የሚሠራው። በቅርቡ ደወለና «አጎቴ፣ የራሳችንን የኢሜይል ሰርቨር ልናቆም ነው፤ የትኛውን ማሽን ብንገዛ ይሻለናል?» አለኝ። ጥያቄው ከጨዋታ የመጣ አይደለም። እስካሁን እያንዳንዱ ሠራተኛ ለደንበኛ ፕሮፎርማ የሚልከው ከግል ኢሜይሉ ነበር። አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ሥራ ሲለቅ የሁለት ዓመት ደብዳቤ አብሮት ሄደ፤ ደንበኞቹም ተከተሉት። አሁን አንድ ነጋዴ ባለሁለት ፕሮሰሰር ትልቅ የሬክ ሰርቨር አቅርቦላቸዋል። ዋጋው ከአዲስ የአልሙኒየም መቁረጫ ማሽን አይተናነስም። ባለቤቱ ደግሞ ሁለቱን አንድ ላይ መግዛት አይችልም።

መልሱን ከመስጠቴ በፊት አንድ ታሪክ ነገርኩት። ለእናንተም ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም ይህን ጥያቄ አዲስ አበባ ከ30 ዓመት በፊት መልሳዋለች።

ብዙ ሰው ኢሜይል ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከኢንተርኔት ጋር ይመስለዋል። አይደለም። የያኔው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1997፣ በእኛ አቆጣጠር በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ዓመታት ቀደም ብሎ ግን የአዲስ አበባ ተመራማሪዎች፣ የእርዳታ ድርጅቶችና ጋዜጠኞች ወደ ውጭ አገር ኢሜይል ይጽፉ ነበር። እንዴት? በስልክ መስመርና በተራ የቢሮ ኮምፒውተር።

ነገሩ የሚጀምረው ከሳን ፍራንሲስኮ ነው። ቶም ጄኒንግስ የሚባል ፕሮግራመር በ1984 ኮምፒውተሮች እየተደዋወሉ መልእክት የሚለዋወጡበትን ፊዶኔት የተባለ መረብ ሠራ። «ፊዶ» አሜሪካኖች ለውሻ የሚሰጡት ስም ነው። ስሙ የወጣው ቀደም ብሎ ከዚህም ከዚያም በተለቃቀመ ዕቃ ከተገጣጠመ አንድ ኮምፒውተር ነው፤ ዘሩ የማይታወቅ የሰፈር ውሻ ይመስላል ተብሎ። (መርካቶ ሚሊተሪ ተራ ዕቃ ለቅሞ ኮምፒውተር የገጣጠመ ሰው ይህን ስም በደንብ ይረዳዋል።) ፊዶ ዶስ በሚባለው አሮጌ ሥርዓት፣ 640 ኪሎባይት በማይሞላ ራም ውስጥ ይሠራ ነበር። ዛሬ በስልካችሁ የምታነሷት አንዲት ፎቶ ከዚያ ብዙ እጥፍ ትበልጣለች።

የፊዶ ብልሃት መቸኮል አለመውደዱ ነው። ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ ይሰበስባል፣ ያሽገዋል፣ ጨምቆ ያሳንሰዋል፤ ከዚያ የስልክ ዋጋ በሚረክስበት ሰዓት ይደዋወላል፣ ያለውን ያስረክባል፣ የመጣለትን ተቀብሎ ስልኩን ይዘጋል። መስመሩ ቀኑን ሙሉ መከፈት የለበትም። ለአፍሪካ የሚያስፈልገው ደግሞ ይኸው ነበር።

በአዲስ አበባ ይህን ሥራ የያዘው በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ በ1980 የተቋቋመው ፓዲስ፣ ማለትም የመላው አፍሪካ የልማት መረጃ ሥርዓት ነው። እነ ናንሲ ሃፍኪንና ሊሻን አዳም የሠሩበት ይህ ክፍል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ፓዲስኔት የተባለውን የፊዶ ጣቢያ ያንቀሳቅስ ነበር፤ በካናዳው የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍም ተመሳሳይ ጣቢያዎች በበርካታ የአፍሪካ አገሮች እንዲተከሉ ሠርቷል። ከአህጉሩ የሚወጣው ደብዳቤ ለንደን ባለው ግሪንኔት በኩል አልፎ ወደ ዓለም አቀፉ መረብ ይገባ ነበር። የጤና ባለሙያዎች ደግሞ ሄልዝኔት የሚባል የራሳቸው መስመር ነበራቸው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ገጽ የላቲን ጽሑፍ 2,000 ያህል ፊደል ነው እንበል፤ 2,000 ባይት ማለት ነው። የዚያ ዘመን ሞደም በሰከንድ 2,400 ቢት ቢልክ፣ ለእያንዳንዱ ፊደል መጀመሪያና መጨረሻውን ከሚያመለክቱት ጋር 10 ቢት ስለሚያወጣ፣ በሰከንድ 240 ፊደል ያልፋል። አንድ ገጽ 8 ሰከንድ ገደማ! ጨምቀን በግማሽ ብናሳንሰው ደግሞ 4 ሰከንድ። በአንድ ደቂቃ የዓለም አቀፍ ጥሪ 15 ገጽ ደብዳቤ ይሄዳል። ያው ገጽ በፋክስ ቢላክ ብቻውን ደቂቃ ሊጨርስ ይችል ነበር።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ውስጥ ኮምፒውተሩ ራሱ ምን ይሠራል? አብዛኛውን ጊዜ ይጠብቃል። አገራችን ውስጥ ፖስተኛ ቤታችን ድረስ ደብዳቤ አያመጣልንም፤ ፖስታ ሳጥን ቁጥር ተከራይተን ሄደን ነው የምናወጣው። የኢሜይል ሰርቨርም እንደዚያ የሳጥኖች መደርደሪያ ነው። ደብዳቤ ይቀበላል፣ በየሳጥኑ ይከታል፣ ባለቤቱ እስኪመጣ ያስቀምጣል። መደርደሪያ ጡንቻ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው እንዳይወድቅ፣ እንዳይቃጠልና ዕቃ እንዳይጠፋበት ነው።

የፓዲስኔት ዘመን በፍጥነት አለፈ። በ1995 እነ ዳዊት በቀለ ያሉበት፣ ኢንተርኔትን ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት የሚሠራ የባለሙያዎች ቡድን ተነሣ፤ ቴሌ አገልግሎቱን ሲጀምር የፊዶ ጥቅም እየደበዘዘ ሄደ። በነገራችን ላይ የያኔው ኢሜይል አማርኛ አይችልም ነበር። የሚያልፈው የላቲን ፊደል ብቻ ስለነበር ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የግዕዝን ፊደላት በላቲን የሚወክል ሴራ የተባለ ሥርዓት ነደፉ። ፊደላችን ዓለም አቀፉ የዩኒኮድ ዝርዝር ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ዛሬ አንድ የአማርኛ ፊደል በኢሜይል ውስጥ 3 ባይት ይይዛል። ይህም ቢሆን ለዲስክ ምንም አይደለም፤ ቦታ የሚበላው ፎቶና የተቃኘ ሰነድ ነው።

ወደ ሀና ማርያም እንመለስ። ድርጅቱ ውስጥ ኢሜይል የሚጠቀሙት 12 ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱ በቀን 100 መልእክት ቢልክና ቢቀበል (በጣም አብዝቼ ነው)፣ አንዱ መልእክት በአማካይ 100 ኪሎባይት ቢሆን፣ በቀን 120 ሜጋባይት ነው። በዓመት 300 የሥራ ቀን ብንይዝ 36 ጊጋባይት። በ5 ዓመት 180 ጊጋባይት። ማንኛውም የዛሬ ዲስክ ይችለዋል። ፕሮሰሰሩ በቀን 1,200 መልእክት ሲያስተናግድ እንቅልፉን አይለቅም። ትንሽ ራም የሚፈልገው ቫይረስና አይፈለጌ መልእክት የሚያጣራው ፕሮግራም ነው፤ ለሱ 8 ጊጋባይት ካለ አይጨናነቅም። ስለ ፕሮሰሰር ከዚህ በላይ መናገር የነጋዴውን ሥራ መሥራት ነው።

ጭንቀቱ ያለው መብራት ላይ ነው። 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-አወር የሆነው ትንሹ የዩፒኤስ ባትሪ በወረቀት ላይ 84 ዋት-አወር ኃይል አለው፤ በተግባር ግማሹን ታገኛላችሁ እንበል። 30 ዋት የምትበላ ትንሽ ፒሲ በዚያ ከአንድ ሰዓት በላይ ትቆያለች። 150 ዋት የሚበላው የሬክ ሰርቨር ግን 17 ደቂቃ ገደማ ላይ ድርግም ይላል፤ በዚያ ላይ ማራገቢያው ይጮኻል፣ የአልሙኒየም ብናኝ ይስባል።

መብራት ሲጠፋ ደብዳቤ ይጠፋል ማለት ግን አይደለም። ጆን ፖስቴል በ1982 የጻፈው የኢሜይል አሠራር ደንብ የተሠራው ተቀባዩ አንዳንዴ እንደማይገኝ ታስቦ ነው። የላኪው ሰርቨር በር ቢዘጋበት ወረፋ ይዞ ደግሞ ደጋግሞ ያንኳኳል፤ የዛሬው ደንብ ተስፋ ከመቁረጡ በፊት ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን እንዲሞክር ይመክራል። የፊዶ ትዕግሥት እዚህም አለ። መመለሻ የሌለው ዲስክ እየጻፈ ሳለ መብራት ድንገት ሲቋረጥ የሚበላሸው ነገር ነው። ስለዚህ ዩፒኤሱ ኃይሉ ሲያልቅ ለኮምፒውተሩ ነግሮ በሥርዓት እንዲጠፋ የሚያደርግ ኬብል ያለው ይሁን፤ ዲስኩም ሁለት ይሁን፣ አንዱ የሌላውን ግልባጭ እየያዘ። ሦስተኛ ግልባጭ ደግሞ ከግቢው ውጭ ይቀመጥ። ሌባም እሳትም ሁለቱን ዲስክ አንድ ላይ ነው የሚወስደው።

ፊዶ የማያውቀው አንድ ችግር ግን ተጨምሯል፤ እሱም መታመን ነው። ዛሬ ቋሚ አይፒ የሌለው፣ አይፒውም ወደ ድርጅቱ ስም መልሶ የማይጠቁም ሰርቨር የሚልከው ደብዳቤ አይፈለጌ ሳጥን ውስጥ ይወድቃል ወይም ጭራሽ ይመለሳል። ጉግል ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ወደ ጂሜይል የሚላክ መልእክት ሁሉ የላኪውን ማንነት የሚያረጋግጥ ምልክት እንዲኖረው ያስገድዳል። ይህን ብር አውጥታችሁ ከሱቅ አትገዙትም። ስለዚህ ለእህቴ ልጅ ማሽኑን ተወውና በመጀመሪያ ከኢንተርኔት አቅራቢያችሁ ቋሚ አይፒ ጠይቁ አልኩት፤ ካልተገኘ የራስን ሰርቨር ሐሳብ ትታችሁ በድርጅቱ ስም የመልእክት ሳጥን ተከራዩ።

አይፒው ተገኘ። አንድ ያገለገለ የቢሮ ፒሲ፣ ሁለት አዲስ ዲስክና አንድ ዩፒኤስ ገዙ። ፒሲው አሁን ሒሳብ ክፍል፣ ከፋይል መደርደሪያው አጠገብ ነው ያለው። ስሙንም «ውሮ» ብለውታል፤ ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «ውሻ አለማችሁን ቀድማችሁ ወስዳችሁታል ብዬ ነው» አለኝ።