የቆላው ይፋት ጎልማሶችና መካሪዎቻቸው

ይፋት ከጥንት ጀምሮ የወሰን አገር ነው። ከመንዝና ከተጕለት ደጋ የወረደው አማራ፥ በአምባ ላይ የሚኖረው አርጎባ፥ ከአዋሽ በረሓ ከግመሉ ጋራ የሚወጣው አፋር፥ ደግሞም ኦሮሞው በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። በ1278 ዓ.ም. ግድም የወላስማ ነገሥታት በዚያ ምድር በረቱ፤ በ1324 ዓ.ም. ዐፄ ዓምደ ጽዮን ከሱልጣን ሰብረዲን ጋራ ተዋጉ። የዚያ መንግሥት ከተሞች የነበሩት የኖራ፥ የአስበሪና የመሳል ፍርስራሾች ዛሬም ይታያሉ። ታሪክ ጸሓፊዎች የነገሠውንና የወደቀውን ቈጥረው አስቀምጠዋል፤ በዚህ ሁሉ መካከል የሃያ ዓመቱን ጎልማሳ ልቡን ማን እንደ ጠበቀለት የጻፈ ግን ጥቂት ነው።

ለቆላው ጎልማሳ ከባዱ ሸክም የማሽላ ነዶ አልነበረም፤ ደም ነበር። አባቱ ወይም ወንድሙ የተገደለበት ልጅ ጢሙ ሳያቀነቅን ዕዳው በርሱ ላይ ይወድቃል። በሠርግ ቤት ሲፎከር አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፤ በልቅሶ ቤት አልቃሿ ስሙን ባትጠራውም ነገሩ ወደርሱ መሆኑን ያውቃል። እንቅልፍ ያጣል፥ እህል ይጠላል፥ ከባልንጀሮቹ ይሸሻል። የዛሬ ሐኪሞች ለዚህ ስም አላቸው፤ የአገሩ ሰው ግን ስም ሳያወጣለት ምልክቱን ያውቀው ነበር። ብዙ ጊዜም ቃታውን ያስሳበው ጥላቻ ሳይሆን እፍረት ነው። ፉከራ ለጦር ሜዳ ጥሩ ነው ይባላል፤ በየሠርጉ የተፎከረው ግን ከጦሩ ይልቅ ብዙ ቤት ዘግቷል።

በይፋትና በወሎ ለዚህ ነገር የተሰናዱ ሰዎች አሉ፤ አበጋር ይባላሉ። አበጋርነት ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ ነው፤ ነገር ግን ዘር ብቻ አይበቃም፤ ቃሉ የማይታጠፍ፥ ወደ አንዱ ወገን የማያደላ መሆኑን አገር ሊመሰክርለት ይገባል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይሰማዋል። ነፍስ በጠፋ ጊዜ ከሁለቱም ወገን ሽማግሎች ይዞ ይቀመጣል፤ እውነቱ ይወጣል፥ ጉማው ይቈረጣል፥ መሓላ ይደረጋል፤ ከዚያ በኋላ ደሙ ደረቀ ይባላል።

የዚህ ሥርዐት ጥበቡ በካሣው ላይ አይደለም። ሸንጎ የሚመለከተው ገዳዩን ነው፤ አበጋሩ ግን የሟቹንም ልጅ ይፈልጋል። እንዲታረቅ በስውር አይለመንም፤ በአገር ፊት ይለመናል። እምቢ ይላል፤ ይለመናል፤ ደግሞ እምቢ ይላል፤ በመጨረሻ ለሽማግሌ ብሎ ሲተው ክብሩ ከርሱ ጋራ ይቀራል፤ ማረ እንጂ ፈራ አይባልም። ጎልማሳውን ከሚያሳብደው እፍረት የሚያወጣው ይህ ልመና ነው። ቶሎ ታረቅ ብለው በአንድ ቀን ጨርሰው የሚነሡ የዘመናችን አስታራቂዎች ይህን የሚያስተውሉ አይመስልም።

በቤተ ክርስቲያን በኩል የዚህ ሥራ ባለቤት የነፍስ አባት ነው። ከይፋት በላይ በደብረ ብርሃን ከተማቸውን የሠሩት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ሕዝቡ በየሰንበቱ እየተሰበሰበ እንዲማር አዘዙ፤ ካህኑም የሕዝቡ መምህር መሆኑን አጸኑ። ልጅ ለወላጅ አባቱ የማይነግረውን ለነፍስ አባቱ ይነግራል፤ የተነገረውም ከዚያ አይወጣም። ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን እውነቱን መሸፋፈን አይገባም። ጎልማሶች በጕብዝናቸው ወራት ንስሓን ለሽምግልና እያስተላለፉ፥ ካህኑም በበዓል ቀን ቤቱን ባርኮ፥ ጠበል ረጭቶ፥ ቀምሶ እየሄደ፥ አባትና ልጅ ሳይተዋወቁ ብዙ ዘመን ኖረዋል። መቶ ቤት የያዘ የነፍስ አባት የእናቲቱን ችግር ያውቃል፤ በጓዳ በር ቆሞ መስቀል ተሳልሞ የሚሮጠውን ልጅ ግን ስሙን እንኳ የማያውቅበት ጊዜ አለ።

ጕድለቱን በከፊል የሞላው ማኅበር ነው። በጽዋ ማኅበርና በሰንበቴ ሽማግሎች ተቀምጠው ይጫወታሉ፤ ጎልማሶች ቆመው ጠላ ይቀዳሉ፥ ዳቦ ያቀርባሉ። ምክር ተብሎ ያልተነገረውን ምክር የሚሰሙት በዚያ ነው፤ ሽማግሌው በልጅነቱ የሠራውን ሞኝነት እየሣቀ ሲያወራ፥ የሚቀዳው ልጅ የርሱ ኀዘን በዓለም የመጀመሪያ አለመሆኑን ይረዳል። ማሽላውን ከወፍና ከአውሬ ለመጠበቅ በማማ ላይ የሚያድሩትም እንዲሁ ናቸው። በጨለማ ፊት ለፊት ሳይተያዩ የሚነገር ነገር አለ።

የቅኔ ቤትን ሥርዐት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ከሸዋ ወጥቶ ወደ ዋድላ ወይም ወደ ጎንጅ የዘለቀ ተማሪ አባት እናቱን ትቶ፥ ደበሎ ለብሶ፥ ቍራሽ ለምኖ የሚኖር ነው። ቀን በየዛፉ ሥር ብቻውን ሆኖ ቅኔውን ይቈጥራል። ማታ ግን ለመምህሩ ይነግራል፤ የተሰበረው ይቀናል፥ ያማረው ይመሰገናል። ለብቸኝነቱ የሚሰማበት ሰዓት ተወስኖለታል ማለት ነው። ያልሆነለትንም ልጅ ከርሱ የቀደመው ተማሪ በጎጆው ይዞት ያስጠናዋል። ርሃቡና ቍንጫው ሳያባርሩት ዓመታት የሚያስቀምጡት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

አገር ሲታወክ ደግሞ ጎልማሶች የጎበዝ አለቃ ይመርጣሉ። በ1928 ዓ.ም. ጣልያን አገሩን በያዘ ጊዜ በሸዋ ከራስ አበበ አረጋይ ጋራ በዱር የቆዩት አርበኞች ብዙዎቹ በእንዲህ ያለ ማኅበር የተሳሰሩ ነበሩ። ለአምስት ዓመት አለቃው አባትም ወንድምም ሆነ። በ1933 ዓ.ም. ድል ሲሆን ግን ከጦርነት በቀር ሌላ ሥራ ሳያውቅ ያደገ ልጅ ከአለቃው ተለይቶ ወደ ሞፈሩ ተመለሰ። ሁሉም አልቻለም፤ ከነዚያ መካከል ኋላ የሸፈተም አለ። ለአርበኛው ሹመትና ኒሻን ተሰጠው፤ ስለ ሌሊት ቅዠቱ ግን የጠየቀው አልነበረም።

ጣልያን የጣርማ በርን ዋሻ ፈልፍሎ ያወረደው መንገድ የቆላውን ኑሮ ለወጠው። ሸዋ ሮቢት ከአዲስ አበባ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዚህ መንገድ ዳር ሰፋች፤ ማሾውና ሽንኵርቱ በመኪና ይጫናል። ለብዙ የአዲስ አበባ እናቶች ግን ሸዋ ሮቢት ማለት የእስር ቤቱ ስም ነው። በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ 28 ቀን የቂሊንጦ እስር ቤት በተቃጠለ ጊዜ ብዙ እስረኞች ወደዚያ ተዛወሩ፤ አብዛኞቹ ጎልማሶች ነበሩ። ስንቅ ቋጥራ በሌሊት ተነሥታ ቆላ የወረደች እናት የሥነ ልቡና መምህር አልነበረችም፤ ልጇን ግን በሕይወት ያቆየችው እርሷ ናት።

ከዚያም በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ አጣዬ ተቃጠለች፤ በአንድ ገበያ ሲገበያዩ የኖሩ ሰዎች ተፈራሩ፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገባ። አበጋሩ የሚያውቀው ገዳይና ሟች በስም የሚጠሩበትን ደም ነው፤ በአንድ ሌሊት ሰፈር ሲነድድ ጉማውን ማን ከማን ይቈርጣል? የሟች ልጅስ በማን ፊት እምቢ ብሎ በማን ይለመናል? ሽማግሎቹ ከዚህ ጥያቄ ጋራ እንደ ተቀመጡ ናቸው።

የቀን ሥራ ፍለጋ ከመንዝ ደጋ የሚወርደው ልጅ በዚህ መካከል በሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ሽንኵርት ይጭናል፥ ወባ ይታመማል፥ በአንድ ክፍል ከአምስት ባልንጀሮቹ ጋራ ያድራል። የነፍስ አባቱ በደጋ ቀርተዋል። ስልካቸውን የያዘ እንደ ሆነ ማታ ይደውልላቸዋል፤ መስመሩ ቢቈራረጥም እግዚአብሔር ይፍታህ የሚለውን ቃል እስኪሰማ ጆሮው ላይ እንደ ያዘ ይቆያል።