የሙግት አገር ልጆችና የሕግ ሙያ

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አንደበቱ የተፈታ ልጅ ሲገኝ “ይህስ ጠበቃ ይወጣዋል” ይባላል። “የምን ጠበቃ?” ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙ የለም። ሕግ መማር የጀመሩ የወጣት ኅብረታችን ልጆች አሁን ይህንኑ ጥያቄ ይዘው ይመጣሉ። የንግድ ሕግ ይሻላል ወይስ የወንጀል? መሬት ላይ ላተኩር? ዐቃቤ ሕግ ልሁን ወይስ ነገረ ፈጅ? ጥያቄው የዘመናችን ይመስላል፤ ሙያን በዘርፍ መለየት ግን ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም።

ድጓ ለማስመስከር የፈለገ የቤተ ክህነት ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ጋይንት ወደምትገኘው ቤተልሔም ይጓዛል። ዝማሬ መዋሥዕት የሚሻው ዙር አምባ ይወጣል። መምህሩ የራሱን ካስተማረ በኋላ ለቀረው ትምህርት ወደ ሌላ መምህር ይሸኘዋል እንጂ ሁሉን እኔ ላስተምርህ አይልም። በመጻሕፍት ትርጓሜም ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንትና መነኮሳት የሚባሉ አራት ጉባኤያት አሉ። አራቱንም የዘለቀ “አራት ዓይና” ይባላል፤ እንዲህ ያለው ጥቂት ነው። ፍትሐ ነገሥት የሚሰማው ከሊቃውንት መጻሕፍት ጋር ነው። እኛ ወንጌላውያን ይህን ትምህርት ቤት በአብዛኛው ከደጅ ሆነን ነው የምናውቀው፤ ቢሆንም የአገራችን ቀደምት የሕግ መምህራን ከዚያ መውጣታቸውን መካድ አይቻልም።

ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት ኢብን አል አሳል በተባለ ግብፃዊ ክርስቲያን በዐረብኛ የተጠናቀረ መጽሐፍ ነው። ከ51 አንቀጾቹ የመጀመሪያዎቹ 22 ስለ መንፈሳዊ፣ የቀሩት 29 ስለ ሥጋዊ ጉዳይ ይናገራሉ። ወደ ግእዝ የተመለሰው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን እንደሆነ በትውፊት ይነገራል። በንጉሥ ችሎት ነገር ሲከብድ ሊቁ መጽሐፉን ገልጦ አንቀጹን ያነባል፣ ይተረጉማል። ለከሳሽም ለተከሳሽም አይከራከርም።

ክርክሩ የሌላ ሰው ሙያ ነበር፤ ያም ሰው የሚፈተነው በርስት ሙግት ነው። በርስት ሥርዓት መሬት የሚጠየቀው በትውልድ ነው። አንድ ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል ቆጥሮ ከመጀመሪያው አቅኚ አባት መውረዱን ካስረዳ ድርሻ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ትውልድ ወደ ኋላ ቆጥሮ ማን ከማን እንደተጋባ፣ ማን መሬቱን ትቶ እንደተሰደደ የሚያውቅ ሽማግሌ እንደ መዝገብ ቤት ነበር። በዘኍልቍ 27 የሰለጰዓድ ሴቶች ልጆች በሙሴ ፊት ቆመው የአባታቸውን ርስት ሲጠይቁ የሚያነብ የአገራችን ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ሙግቱን ያውቀዋል።

ባለጉዳዮቹ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ በቁራኛ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። “በላ ልበልሃ” ብለው ይጀምራሉ። አንዱ በቅሎ እሰጣለሁ ብሎ ሲወራረድ ሌላው ማር ይላል። አላፊ አግዳሚው ከብቦ ይሰማል፤ ያማረ ቃል ሲወጣ ያደንቃል። ይህን ጥበብ ብዙ ጊዜ ስናወድሰው እንሰማለን። እኔ ግን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ በዚያው ነጠላ ጫፍ የታሰረው፣ አንደበቱ ያልተፈታው ድሃ ነው። እውነቱን ይዞ መናገር ስላቃተው የተረታው ስንቱ ይሆን?

የጽሑፍ ሕግ ዘመን መጣ። የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በ1949 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔርና የንግድ ሕጎች በ1952 ዓ.ም.፣ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት በ1954 ዓ.ም.፣ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደግሞ በ1958 ዓ.ም. ወጡ። የፍትሐ ብሔሩ አርቃቂ ፈረንሳዊው ረኔ ዳቪድ፣ የወንጀሉ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ነበሩ፤ ሁለቱም ያረቀቁት በፈረንሳይኛ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3347 ሕጉ በሸፈናቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ ይሠራበት የነበረውን የጽሑፍም የልማድም ሥርዓት ሻረ። ርስት ግን በቀላሉ የሚሻር አልነበረም። ቁጥር 1168 የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ 15 ዓመት በተከታታይ ግብር የከፈለ ሰው ባለቤት ይሆናል ካለ በኋላ፣ የቤተ ዘመድ ርስት የሆነውን ግን አንዱ ዘመድ በሌላው ላይ በይርጋ አይወስድም ብሎ ለየ። የባላገሩ ሙግት በፈረንሳዊው ሕግ ውስጥ በዚህ በር ገባ።

በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ሲከፈት የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ ዛሬም በጎንደርና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ሕግ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የወረዳ ፍርድ ቤቱ ቋንቋ ግን ያኔም ዛሬም አማርኛ ነው። ፍትሐ ነገሥት ራሱ በአባ ጳውሎስ ጻድዋ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ በ1960 ዓ.ም. በዚያው ፋኩልቲ ታትሟል። ከቤተልሔም አጠገብ ተነሥቶ አዲስ አበባ የገባ ተማሪ የአገሩን መጽሐፍ በባዕድ ቋንቋ ለማንበብ በቃ ማለት ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን የትውልድ ቆጠራው ሙያ በአንድ ቀን ገበያ አጣ። ሙግቱ ግን አልቆመም፤ መልኩን ቀየረ። በ1989 ዓ.ም. በክልላችን መሬት እንደገና ተደለደለ። የክልሉ የገጠር መሬት ሕግም በአዋጅ 46/1992፣ ከዚያ በ133/1998፣ ቀጥሎም በ252/2009 ተለወጠ። በይዞታ ደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስምና ፎቶግራፍ ሰፈረ። ዛሬ በፍቺ፣ በውርስ፣ በስጦታና በኪራይ የሚነሣው ክርክር የሚያርፈው በዚህ ደብተር ላይ ነው። አዋጅ 454/1997 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የፌዴራል ሰበር ችሎት የሰጠው የሕግ ትርጉም የወረዳውን ዳኛ ያስገድዳል። እንግዲህ መሬት የሚመርጥ የሕግ ተማሪ ሦስቱን አዋጆችና የሰበር ውሳኔዎቹን አጥንቶ፣ የአያቶቹንም የዝምድና ቆጠራ ሳይንቅ መቀመጥ ይኖርበታል። ይህን ዘርፍ “የገጠር ሥራ” ብሎ የሚንቅ ተማሪ አጋጥሞኛል፤ ባያየው ነው።

ሌላም ዘርፍ አለ፤ በወንጌላውያን ታሪክ ብዙ ዋጋ ያስከፈለ። በ1936 ዓ.ም. ስለ ሚሲዮኖች የወጣው ደንብ አገሩን ለሚሲዮን ክፍት በሆነና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ክልል በሆነ ለሁለት ከፈለው። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ለኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ሕጋዊ ሰውነት ሲሰጥ የሌሎቹን እምነቶች ጉዳይ ለሌላ ሕግ ተወው። የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች በ1950ዎቹ መጨረሻ ለመመዝገብ ሲያመለክቱ ተከለከሉ፤ በ1964 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ለአምልኮ ከተሰበሰቡት 250 ያህሉ ታሰሩ። ጸሎታቸውን ሁላችንም እንተርካለን። ጉዳዩ ግን የማኅበራት ምዝገባ ሕግ ጉዳይም ነበር። የኢትዮጵያ ወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው በ2012 ዓ.ም. ነው፤ ፍትሐ ብሔሩ በወጣ በ60 ዓመቱ።

ለልጆቻችን የምለው ይህ ነው። በመጀመሪያው ዲግሪ ሁሉንም ተማሩ፤ ልዩ ጥናት በማስተርስና በሥራ ይመጣል። የፌዴራሉ የጥብቅና ሕግ በ2013 ዓ.ም. ጠበቆች ድርጅት አቋቁመው አብረው እንዲሠሩ ስለፈቀደ በአዲስ አበባ አንዱ ግብር፣ ሌላው ኮንስትራክሽን እያሉ መከፋፈል ይቻላል። በወረዳ ከተማ የሚሠራ ጠበቃ ግን ጠዋት የስርቆት ክስ፣ ከሰዓት የፍቺ መዝገብ ይዞ ይቆማል፤ ሁሉን ካልነካካ አያኖረውም። ስለዚህ አገር ቤት ተመልሼ እሠራለሁ የሚል አንዱን ዘርፍ ጠበቅ አድርጎ ይዞ ሌላውንም መቻል አለበት። ይህ ከባድ ነው፤ ገንዘቡም እንደ አዲስ አበባው አይደለም።

ከወገዳ ወይም ከአርብ ገበያ ተነሥቶ ይግባኝ የሚል ገበሬ ደብረ ታቦር ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ አልፎም ባሕር ዳር ይደርሳል። በየደረሰበት ማመልከቻ የሚጽፍለት አያጣም። ደብተሩን ከአዋጁ ጋር አስተያይቶ፣ በሬውን ለመንገድ ወጪ ሳይሸጥ በፊት “ይህ ያዋጣሃል፣ ያ አያዋጣህም” የሚለውን ግን ገና ይፈልጋል።