«ማደንዘዣ» እና «አደንዛዥ»፤ የአንድ ቃል ትርጉምና ታሪክ

ቃል እንደ ሰው ዘርና ትውልድ አለው። ስለዚህ እኛ የመጨረሻ ክፍል ተማሪዎች በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ የአንድ ቃል ትውልድ ለመመርመር አስበናል። ይኸውም በሐኪም ቤትም በፍርድ ቤትም የሚነገረው «ማደንዘዝ» ነው።

ሥሩ «ደነዘዘ» ነው። በቧሂት ተራራ አጠገብ ባለው በአምባራስ ውርጭ የጠናበት እረኛ «እጄ ደነዘዘ» ይላል፤ እጁ አለ፣ ግን አይሰማውም ማለት ነው። ስለቱ የጠፋ ቢላዋ «ደነዘ» ይባላል፤ ነገር የማይገባው ሰውም «ደነዝ» ይባላል። እንግዲህ የቃሉ ፍሬ ነገር ስለት ማጣት ነው፤ የብረትም፣ የአካልም፣ የአእምሮም።

ግሪኮችም በዚሁ መንገድ ሄደዋል። መደንዘዝን «ናርኬ» ይሉት ነበር፤ የነካትን ሰው ክንድ የምታደነዝዘውንም የባሕር ዓሣ በዚሁ ስም ጠርተዋታል። በዓለም የታወቀው «ናርኮቲክ» የሚለው ቃል የተወለደው ከዚህ ነው። በእነርሱ ዘንድ ዓሣዋ ሰውን አደነዘዘች፤ በእኛ አገር ግን ሰው የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ እየበተነ ዓሣን አደንዝዞ ይይዛል።

አባቶቻችን ሌላም ዕፅ ያውቁ ነበር። የአስተናግርን ፍሬ አጢሰው ለጥርስ ሕመም ታጥነውበታል። ይሁን እንጂ ይህ ተክል መርዝ ነው፤ የበላውን ሰው ያቃዠዋል፣ ያስለፈልፈዋል፤ ሊገድለውም ይችላል። ስሙም «የሚያናግር» እንደ ማለት ስለሆነ ራሱ ያስጠነቅቃል። «ዕፅ» የሚለውም ቃል በግዕዝ ዛፍ ወይም እንጨት ማለት ነው፤ ዕፀ ሕይወት፣ ዕፀ መስቀል እንላለን። ይህ የከበረ ቃል ዛሬ ብቻውን ሲነገር ለብዙ ወጣት የሚያሳስበው ሱስን መሆኑ ያሳዝናል።

ዘመናዊው ማደንዘዣ በይፋ የታየው በጥቅምት ወር 1839 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 1846) ነው። በስሜን ደጃዝማች ውቤ በሚገዙበት በዚያ ዘመን፣ በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ዊልያም ሞርተን የተባለ የጥርስ ሐኪም አንድን በሽተኛ የኤተር እንፋሎት አስተነፈሰው፤ ሌላው ሐኪም ጆን ዋረንም በአንገቱ ላይ የነበረውን እባጭ ቀደደለት። ከዚያ በፊት በሽተኛው ተይዞና ታስሮ እየጮኸ ነበር የሚቀደደው። በሚቀጥለው ወር ኦሊቨር ሆልምስ የተባለ ሐኪም ለሞርተን በጻፈው ደብዳቤ «አኔስቴዥያ» የሚለውን ስም አቀረበ፤ ይህም ከግሪክ የተገኘ ሲሆን አለመሰማት ማለት ነው።

ወደ አማርኛችን እንመለስ። ከ«አዘዘ» አዛዥና ማዘዣ ይወጣሉ፤ አዛዥ በራሱ ሥልጣን የሚሠራ ሲሆን ማዘዣ በእጁ ያለ መሣሪያ ነው። እንደዚሁም ከ«አደነዘዘ» አደንዛዥና ማደንዘዣ ወጡ። ማደንዘዣ በሐኪም እጅ ተመጥኖና ተጠብቆ የሚሰጥ፣ በሰዓቱም የሚለቅ መሣሪያ ነው። አደንዛዥ ግን ራሱ ጌታ ይሆናል፤ ሰውዬው መሣሪያው ይሆናል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ525ኛው አንቀጽ አደንዛዥ ዕፅን ያለ ፈቃድ ማዘጋጀትንና መሸጥን የሚቀጣው በከንቱ አይደለም።

ይህ የሰዋስው ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከሽማግሌዎቻችን መካከል «አደንዝዘው ያስቀሩኛል» በማለት በደባርቅ ወይም በጎንደር ሆስፒታል መቀደድን ፈርተው ሕመማቸውን ታቅፈው የሚቀመጡ አሉ። ከእኛ ከወጣቶቹ መካከል ደግሞ ለጨዋታ ብለው የሚቀምሱትን ነገር የማይፈሩ አሉ። እነርሱ የማያስፈራውን ይህን ያህል ይፈራሉ፤ እኛ የሚያስፈራውን እንደፍራለን።

ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ ለወላጆቻችን ማደንዘዣ ምን እንደሆነ እናስረዳ፤ እኛም ከአደንዛዥ እንራቅ። ትምህርት ቤት የገባነው አእምሯችንን ለመሳል ነውና፣ የተሳለውን መልሶ ማደነዝ የወላጆቻችንን ድካም ማባከን ነው።