ድቡልቡል ምድር፣ ጠፍጣፋ ካርታ

ድቡልቡሏን ምድር ምንም ሳያዛቡ በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ መሳል አይቻልም። ይህን በሒሳብ ካረጋገጡት አንዱ ጀርመናዊው ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ ነው። በ1820ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ) የሃኖቨርን ግዛት ቅየሳ ይመራ የነበረው ጋውስ፣ የአንድ ገጽ ጉብጠት በገጹ ላይ ከሚለኩ ርቀቶች ብቻ ሊታወቅ እንደሚችል በ1827 አሳየ። የወረቀት ጉብጠት ዜሮ ነው፤ የሉል ግን ምንጊዜም ከዜሮ ይበልጣል። ስለዚህ ርቀቶችን ሁሉ ጠብቆ ሉሉን ወደ ወረቀት የሚያሸጋግር ቀመር የለም። ካርታ ሠሪ ምንም ያህል ቢራቀቅ ይህን ገደብ አያልፍም፤ የሚችለው የትኛው መዛባት እንደሚሻል መምረጥ ነው።

ጌራርዱስ መርካቶር በ1569 ምርጫውን ያደረገው ለመርከበኞች ብሎ ነበር። በካርታው ላይ የኬንትሮስ መስመሮች ወደ ዋልታዎቹ እየተጠጋጉ አይሄዱም፤ ርቀታቸውን ጠብቀው ትይዩ ይቆማሉ። በ60 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ያለው ክብ የምድር ወገብን ግማሽ ያህል ቢሆንም፣ በካርታው እኩል ርዝመት ስለሚሰጠው ወደ ጎን በእጥፍ ይለጠጣል። ማዕዘን እንዳይዛባ ከሰሜን ወደ ደቡብም በዚያው ልክ መለጠጥ ግድ ነው፤ ስፋቱም በ4 እጥፍ ይጋነናል። በምትኩ በኮምፓስ አንድ አቅጣጫ ይዞ የሚጓዝ መርከብ መንገዱ ቀጥ ያለ መስመር ይሆንለታል።

የኬክሮስ መስመሮቹን ክፍተት በትክክል ያሰላው እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ራይት ነው። በ1599 ባሳተመው መጽሐፍ የየኬክሮሱን የመለጠጥ መጠን፣ ማለትም ሴካንቱን፣ በትንሽ በትንሹ እየደመረ ሠንጠረዥ አዘጋጀ። ካልኩለስ ገና ሳይወለድ ኢንተግራል ተሠራ ማለት ነው። ሠንጠረዡ ከታንጀንት ሎጋሪዝም ጋር መግጠሙ የተስተዋለው ከዓመታት በኋላ ሲሆን፣ ጄምስ ግሪጎሪ በ1668 ማረጋገጫውን አቀረበ። የባሕር ጉዞ ለሒሳብ እንዲህ ያለ ጥልቅ ጥያቄ ማበርከቱ ሊደነቅ ይገባል።

የመርካቶር ካርታ አሳሳች የሚሆነው የአገሮችን ስፋት ለማነጻጸር ሲውል ነው። ግሪንላንድ አፍሪካን የምታህል ትመስላለች፤ አፍሪካ ግን 14 ጊዜ ያህል ትበልጣታለች። ለምድር ወገብ የቀረበችው ኢትዮጵያ እምብዛም ስለማትለጠጥ፣ በእውነቱ የእርሷን እጥፍ ያህል የሆነችው ግሪንላንድ ከአሥር እጥፍ በላይ ገዝፋ ትታያለች። በመማሪያ ክፍል ግድግዳ ላይ ሊሰቀል የሚገባው ስፋትን የሚጠብቅ ካርታ ነው።

ዮሐን ሃይንሪክ ላምበርት በ1772 ስፋት ጠባቂ ካርታም፣ የመርካቶርን ካርታ ወደ ጎን ያዞረ ቀመርም አቅርቧል። የኢትዮጵያ 1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት በዚህ በኋለኛው መንገድ ነው፤ ምድር በ6 ዲግሪ ስፋት በ60 ዞኖች ስትከፈል አገሪቱ በዞን 36፣ 37 እና 38 ትወድቃለች። ስሕተቱ በዞኑ ውስጥ እንዲከፋፈል ሲባል በመካከለኛው ኬንትሮስ ላይ 1 ኪሎ ሜትር በካርታው 999.6 ሜትር ሆኖ ይቆጠራል፤ ቀያሹ ይህን ካላረመ ጉድለቱ በየኪሎ ሜትሩ ይጠራቀማል።